የዓለም ዳርና አራተኛው እርማት

ሰኞ 2

ዛሬ የባሌ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ገባ። «ዳርና ዘላለም» ይባላል፣ ሁለት መቶ አራት ገጽ ነው። ግማሹ የሰው ዓይን ዩኒቨርስን የት ድረስ አይቶ የት ላይ እንደሚያቆም ይተነትናል። ግማሹ ደግሞ ቡድሃ ስለማያልፈው ነገር ምን እንዳለ፣ በተለይም ምን እንዳላለ። አርባ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፣ ወይም ጎረቤት ያስታርቃል። የኔው መምህር ዘላለምን መረጠ።

አራሚዋ እኔ ነኝ። በዚህ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ የባሌን ደግሞ ቤት ውስጥ፣ በትርፍ ሰዓቴ። ሥራ አስኪያጁ «የባልዎን መጽሐፍ እርስዎ ባያዩት» ሊል ጀምሮ ነበር። ሌላ አራሚ እንደሌለን ትዝ ሲለው ሳል አስመስሎ ዋጠው። አቶ አስቸኳይ እንለዋለን። እጁ የገባ ወረቀት ላይ ሁሉ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም ይመታል፤ የተመታው ወረቀት ከዚያ በኋላ ሲንቀሳቀስ ያየ የለም።

ለራሴ እንዲመቸኝ ሕጋችንን ልጻፈው። አንድ ገጽ ላይ እስከ ሦስት ስህተት ከተገኘ ፊደል ለቃሚዋ እዚያው ታስተካክለዋለች፣ እኔም «ይታተም» ብዬ እፈርማለሁ። አራት ከሆነ ገጹ ይፈርሳል። ተመልሶ ይለቀማል፣ ተመልሶ ይነበባል፣ ሳምንትም ይሄዳል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ወጣትና ጨካኝ በነበርኩበት ዘመን።

ረቡዕ 4

ሆስፒታል ዋልን። ዶክተሩ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ «ልብዎ ሰፍቷል» አለው። መምህሩ ፊቱ በራ።

«ሁሉም ነገር እየሰፋ ነው ብዬ ሁለት መቶ ገጽ ስጽፍ ራሴን ረስቼ ኖሯል» አለ።

ዶክተሩ አልሳቀም። ልብ ሲሰፋ ግድግዳው ይሳሳል፣ ደሙን መግፋት ያቅተዋል፣ ውኃው እግርና ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል አለን። ጨው ክልክል። ደረጃ ክልክል። ሲተኛ ሦስት ትራስ።

መምህሩ ሸሚዙን ሲቆልፍ ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብሎ አንድ ቁጥር ነገረኝ። እዚህ አልመዘግበውም። የኔ ሥራ ፊደል ነው።

ዓርብ 6

ልጃችን መጣች። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ የአባቷን ኪኒን ሰባት ክፍል ባለው ሣጥን ደልድላ አመጣች። ለሰባቱ ቀን ሰባት ጉድጓድ። አባቷ ሣጥኑን አገላብጦ አየና «ሳምንት እንዲህ ትንሽ ነበረች እንዴ?» አለ።

«አባዬ፣ አትቀልድ። ምን ላድርግልህ?»

«ምንም። መጽሐፌ ሳይወጣ የትም አልሄድም።»

ልጅቷን ለማሳቅ ነው ያለው። እኔ ግን ልብ አልኩት። ይህ ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ቧንቧውን ሐሙስ እጠግናለሁ ካለ በሐሙስ ይጠግነዋል፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አለመናገሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

መጽሐፌ ሳይወጣ።

ሰኞ 9

ምዕራፍ አንድ ደረሰኝ። ለቃሚያችን ምን እንደነካት አላውቅም። ኤሊ የምንላት ስለምትዘገይ ነው እንጂ የሷ ገጽ እንደ ታጠበ ብርጭቆ የጠራ ነው፤ በዓመት አሥር ስህተት አትሠራም። ዛሬ በየገጹ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ምናልባት ፍቅር ይዟት ይሆናል፣ ምናልባት መነጽር ያስፈልጋታል።

ገጽ 11 ላይ ሦስት አገኘሁ። ብዕሬን አነሳሁ። ተመለከትኩት። ከዚያ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ።

ነጠላ ሰረዙ አስፈላጊ ነበር። ማንም ቢጠየቅ አስፈላጊ ነው ይላል።

ገጽ 12፣ 14፣ 15 እና 19ም ነጠላ ሰረዝ ይጎድላቸው ነበር።

እሑድ 15

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ በሦስት ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩትና ምዕራፍ ሁለትን አነበብኩለት። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል፤ ካልሲ ብቻ አድርጎ እንደ ንጉሥ ተዘርግቷል።

«እዚህ ጋ ወደ እኛ የተነሣ ብርሃን ሁሉ አይደርስም ትላለህ» አልኩት። «ተነሥቶ የማይደርስ ብርሃን ምን ዓይነት ነው?»

«እየመጣ ነው። አላቆመም፣ አልደከመም። ግን በመሀል ያለው ቦታ ይሰፋል። እሱ ከሚሄደው መንገዱ የሚረዝመው ይበልጣል።»

«የቤት ማመልከቻችን መልስ ነው በለኛ።»

«ቁርጥ እሱን። ብርሃኑ ግን ነገ ተመለሱ አይልም።»

ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ረዘመ። ውኃ ሰጠሁት። ሲረጋጋ፣ «ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» አልኩት፣ ሳሉን እንዲያስረሳው ብዬ።

«ሞልቷል። ለእኛ ግን አይሆንም። እዚያ ጋ ያለው የዓለም ዳር አይደለም፤ የኛ ዳር ነው። ዓለም ከዚያም በኋላ ሥራዋን ትቀጥላለች።»

«ያለ እኛ?»

«ያለ እኛ።»

«ዓለም ከዚያም በኋላ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ረዝሟል፣ ለሁለት ይከፈል አልኩት። አምስት ቃል ነበር።

ማክሰኞ 17

ምዕራፍ አራት። ቡድሃን ሰዎች መጥተው ዓለም ዳር አላት ወይስ የላትም፣ ዘላለማዊት ናት ወይስ ጠፊ ብለው ሲጠይቁት ዝም አለ። መምህሩ ለዚህ ዝምታ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሰጥቶታል። ጥያቄው ስቃይን አያቃልልም፤ የቆሰለ ሰው ቁስሉን ይጠርጉለት እንጂ የሰማይን ስፋት አይለኩለትም ነው ነገሩ።

እኔም «ኪኒንህን ዋጥክ?» ስለው መምህሩ በዚያው ዓይነት ዝምታ ያየኛል። እስከ ዛሬ ግን አንድም ደቀ መዝሙር እግሩ ሥር አልተቀመጠም።

አሥራ ዘጠኙም ገጾች ተመልሰዋል።

ቅዳሜ 21

መጋዘኑ በር ላይ ሁለት ጠራዦች ሲያወሩ ሰማሁ።

«የመምህሩ መጽሐፍ አሁንም አልወጣም?»

«አራሚዋ ሚስትየዋ አይደለች? ለባሏ አደላች እንዳይባል ነው የምታጠብቀው። እንዲህ ነው ሕሊና ያለው ሰው።»

ደስ አለኝ። ሰርቆ ሲወጣ ዘበኛው «ላግዝዎ?» ያለው ሰው ደስታ ነው።

ሰኞ 23

አቶ አስቸኳይ ቢሮው ጠራኝ።

«ይህ መጽሐፍ አስቸኳይ ነው» አለኝ።

«ማኅተሙን አይቼዋለሁ።»

«ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ እኮ። ለቃሚዋ ደከመች።»

«ታዲያ ስህተቱን ይዞ ይታተም?»

«እሱን አላልኩም። ግን ሰውዬው...» ብሎ ቆመ።

«ሰውዬው ምን?»

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። «ደራሲ አይደሉ? ደራሲ ይቸኩላል ለማለት ነው» አለ።

ደግ ሰው ነው። እንደሱ ያናደደኝ ሰው ግን በዚህ ዓመት የለም።

ዓርብ 27

ትናንት ትንፋሽ አጠረው። ቁጭ ብሎ ነጋለት። ኦክስጅን አመጡ፣ ቧንቧው አፍንጫው ላይ። ልጄ እግሩን ያዘች፣ እኔ ጠርዙን፤ የአልጋውን ማለቴ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሥራ ገባሁ።

ገጽ 131፣ አራት። 132፣ አራት። 133፣ አራት። 134 አንድ ብቻ ነበረው። ሦስት ፈለግኩለት።

እሑድ 29

ልጄ ምሳ እየበላች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አባቷ ማዶ ክፍል ተኝቷል።

«እማዬ፣ አባዬ መጽሐፉን በእጁ መያዝ ይፈልጋል።»

«ይይዘዋል።»

«መቼ?»

«ሲያልቅ።»

«የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ስህተቱ ሲያልቅ። እኔ ነኝ እንዴ ስህተቱን የምሠራው?»

ቀና ብላ አየችኝ። የአባቷ ዓይን ነው ያላት፤ ተማሪ ሲዋሽ የሚታይበት ዓይን።

«ዶክተሩ ለኔም ነግሮኛል» አለች።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን።»

ሳህኑን አንሥቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ገና እየበላች ነበር። ተነሥታ መጥታ ከኋላዬ አቀፈችኝ፤ እኔም ሳህን ማጠብ የሁለት ሰው ሥራ አይደለም አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንደሚመጣልኝ አላውቅም። ሰው ሲያቅፈኝ ምላሴ ከኔ ቀድሞ በር ይከፍትና ይወጣል።

ምዕራፍ አምስት የተገጣጠመ ሁሉ ይለያያል ይላል። ኮከብም፣ ጋሪም፣ ቤተሰብም። ማስረጃ አልጠቀሰም፤ ይጥቀስ ብዬ ዳር ላይ ጻፍኩበት።

ማክሰኞ 1

ዛሬ ቀለል ብሎት ዋለ። ከሥራ በጊዜ ወጣሁና የመጨረሻውን ምዕራፍ ረቂቅ አብረን አየን። እውነቱን ልናገር፤ እስከ ዛሬ ስህተት ስፈልግ ነገሩን አላነበብኩትም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ባሌ ምን እንደሚያስብ ከጠየቃችሁኝ ሥርዓተ ነጥቡን ልነግራችሁ እችላለሁ።

«ሰዎች ዘላለም ሲባል በጣም ረጅም ጊዜ ይመስላቸዋል» አለኝ። «ኮከቦችም ረጅም ጊዜ አላቸው። ግን ሁሉም ይጠፋሉ፣ የመጨረሻዋ ሳትቀር፣ ከዚያም ብርድ ብቻ ነው። ጊዜ ላይ ጊዜ ብትደምሪ ድምሩ ረጅም ነው እንጂ ዘላለም አይሆንም።»

«ታዲያ ቡድሃ ከየት አመጣው?»

«አላመጣውም። ልቀቁ ነው ያለው። እጅ መጨበጡን ሲተው የሚቀረው ነገር አልተወለደም፣ ስለዚህ አይሞትም። እሳት ማገዶው ሲያልቅ የት ሄደ ይባላል?»

«ማገዶው ምንድን ነው?»

«ጨብጠን የያዝነው ሁሉ።»

«እኔም ማገዶ ነኝ በለኛ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንቺማ ሙሉ ግንድ ነሽ» አለ። «አንቺ ባትኖሪ ድሮ በርቼ ጠፍቼ ነበር።»

ሳቅን። ቧንቧው ካፍንጫው ወለቀ፣ መልሼ አደረግኩለት። ከዚያ ቀዩን ቀለም ከጣቴ ላይ በአውራ ጣቱ ለማስለቀቅ እያሸ፣ «አራሚዬ፣ እጅሽ ደከመ» አለኝ።

አልደከመም አልኩት።

ሐሙስ 3

ይህን በሥርዓት መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ኤሊ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ከማሽኗ ተነሥታ አታውቅም፤ እግር እንዳላት ራሱ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ጣቷ በእርሳስ ጠቁሯል፣ ገጽ 188ን ይዛለች።

«እትዬ፣ አሁንስ ነፍሴን ከበደኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ስህተቱ። ሆን ብዬ የምተወው እኔ ነኝ።»

ሳላስበው ተነሥቼ ቆምኩ። ይቀመጡ አለችኝ፤ እሷው የኔን ወንበር ለኔ ጋበዘችኝ።

«መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። በየገጹ ጥቂት ስህተት ተይላት አሉኝ። እኔ ደግሞ የስንት ዓመት ስሜን አላበላሽም ብዬ እምቢ አልኳቸው። ‹እሷ የምታርመው ካጣች ቀና ትላለች፤ ቀና ካለች ታየኛለች፤ ካየችኝ ደግሞ አትችለውም› አሉኝ። ምን ልበል? እሺ አልኩ። ‹ከሦስት እንዳይበልጥ ብቻ› ብለው አስጠነቀቁኝ። ‹አራት ከሆነ ይመለሳል፣ መጽሐፉን ሳላየው እቀራለሁ› አሉ።»

ኤሊ በሕይወቷ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

«ገጾቹ ሲመለሱብኝ ደነገጥኩ። ቆጥሬ ነው የምተወው፣ ከሦስት አያልፍም። አራተኛውን ሳይ ገባኝ። ደውዬ ነገርኳቸው። እትዬ እየጨመሩ ነው አልኳቸው።»

«ምን አለ?»

«ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ‹ተያት፣ እንዳሻት ታድርግ› አሉኝ።»

ሦስቱ የሱ። አራተኛው የኔ።

መሳቢያዬ ውስጥ መቶ ስድሳ ሁለት ያልተፈረመ ገጽ ነበር። ሁሉንም ፈረምኩ። ነጠላ ሰረዞቼን አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው፤ አንዱም አስፈላጊ አልነበረም። ኤሊ የሷን አስተካከለች፣ በአንድ ቀን፤ ስሟን መቀየር ሊኖርብን ነው። አቶ አስቸኳይ ክምሩን እቅፍ አድርጎ ወደ ማሽን ክፍል ሮጠ። ምንም ማኅተም አልመታበትም።

ለማተም፣ ለማጠፍ፣ ለመስፋት፣ ለሽፋን፦ አሥር ቀን አሉኝ። ይሄን ቁጥር መዘገብኩት።

ቅዳሜ 5

«የት ደረሰ?» አለኝ ዛሬ። ድምፁ ወረቀት ሲገለጥ የሚሰማውን ያህል ነው።

«ጥረዛ ላይ ነው» አልኩት። ገና ምዕራፍ ሦስት እየታተመ ነበር።

«ሽፋኑ ምን ቀለም ሆነ?»

«ሰማያዊ።» ሽፋን የሚባል ነገር ገና አልተሠራም።

«ውፍረቱስ?»

በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ መሀል ይህን ያህል ብዬ አሳየሁት። እጄን እንዳለ፣ ጣቶቼን ሳያስጨብጠኝ፣ በሁለት እጁ ያዘው። እንደዚያ እንደያዘው እንቅልፍ ወሰደው። ጣቴ እስኪደነዝዝ ድረስ ክፍተቱን አላጠበብኩትም።

ሰኞ 7

ነገርኩት። ሳያውቅ እንዲሄድ ልተወው አልቻልኩም።

«አራተኛውን የምጨምረው እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«ሦስቱን የማስተወው እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ኤሊ ነገረችኝ።»

«ለኔም ነግራኛለች። ሁለታችንንም በአንድ ሚስጥር ስታኖረን፣ ይህች ሴት ፊደል መልቀም ሳይሆን ማስታረቅ ነበር ያለባት» አለና ትንፋሹን ጠበቀ። «በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቆ ያነበበኝ ሰው የለም።»

«አትቀልድ። ተናድደሃል?»

ጣሪያውን አየ። እዋሻለሁ ብሎ ያሰበ መሰለኝ፤ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

«ትንሽ» አለ። «ሽፋኑን ማየት ፈልጌ ነበር።»

«ሰማያዊ ነው» አልኩት ደግሜ።

«ሰማያዊ ይሁን» አለኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

ከዚያ ልጃችንን ትቼለት ማተሚያ ቤት ሮጥኩና የሽፋኑን ሠራተኛ ሰማያዊ አድርገው አልኩት። ቡኒ ቀለም ነው የታዘዘው አለኝ። ጮኽኩበት። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ቤት ጮኼ አላውቅም።

ረቡዕ 9

ዛሬ ንጋት ላይ።

ቅዳሜ 12

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ሊያጽናናኝ መጥቶ አንድ ነገር ይለኛል። «ስማቸው ለዘላለም ይኖራል» ይላል አንዱ። «መጽሐፋቸው ሕያው ያደርጋቸዋል» ይላል አቶ አስቸኳይ፣ እንባውን በክራቫቱ እየጠረገ። መምህሩ ሁለት መቶ አራት ገጽ ሙሉ ምንም አይቀርም፣ አትጨብጡ ብሎ የለፋው ለነዚህ ሰዎች ነው። እሺ እላቸዋለሁ። ይኖራል እላቸዋለሁ።

መጽሐፉን ለማየት የጎደለው አራት ቀን ነው። እኔ የወሰድኩት ሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን። ልጄ አትቁጠሪ ትለኛለች። የኔ ሥራ ፊደል ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር አላነብም፣ ይህንኑ ነው የምቆጥረው።

ልቆጣው ሞከርኩ። ለምን አራተኛውን ተይ አላለኝም? አንድ ቃል ቢናገር እፈርም ነበር። ይመስለኛል። ይህን ማረጋገጥ የሚችለው ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ሰኞ 14

ጠዋት መኪና በር ላይ ቆመ። የማተሚያ ቤቱ አዲስ ሹፌር ነው፣ አያውቀኝም። ሦስት መቶ ቅጂ፣ አሥራ ሁለት ካርቶን። ወረቀቱን አየና፣ «ደራሲው አሉ? እሳቸው ናቸው ፈርመው የሚረከቡት» አለ።

«የሉም። እኔ እፈርማለሁ።»

«ምናቸው ነዎት?»

ሚስቱ ልል ነበር። «አራሚያቸው» አልኩ። ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደ ሌላ ሰው ፊርማ ሆነ፤ ሹፌሩ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«የት ላስቀምጥልዎት?»

ሳሎኑ የለቅሶ ወንበር ሞልቶበታል፣ ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ወደ ማዶ ክፍል አሳየሁት።

«እዚያ አልጋ ብቻ ነው ያለው እኮ እናቴ።»

«አልጋው ላይ አድርገው።»

አሥራ ሁለቱን ካርቶን አንድ በአንድ እየተሸከመ በመስኮቱ በኩል ባለው በመምህሩ ጎን ደረደራቸው። ከባድ ናቸው። ፍራሹ በዚያ በኩል ጎደጎደ፣ አንሶላው ተሸበሸበ። ሹፌሩ ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። ጫማዬን አወለቅኩና በኔ በኩል ጋደም አልኩ።